በማሰቢያው ጊዜ የተነሱ እጆች

በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም «ክብሪት» ነው የሚሏት፤ ቶሎ ትጫራለች። የዚያን ቀን ጠዋት ግን እስከ አራት ሰዓት ድረስ ምንም አልነካትም ነበር። አጠገቧ የሚሠራው ከሲታ ባልደረባዋ እንኳ «ዛሬ ዝናብ መትቶሻል መሰለኝ» ብሎ ቀልዶባታል።

ሥራዋ ፈተና መቆጣጠር ነው። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ፤ እሷ ከቢሮዋ ሆና ዘጠኙን ልጆች በአንድ ስክሪን ላይ ታያቸዋለች። መጀመሪያ አንድ ታሪክ በምልክት ቋንቋ ይነገራቸውና ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ከዚያ ሦስት ደቂቃ ያስባሉ፤ ቀጥለው መልሱን በእጃቸው ለካሜራው ይናገራሉ። ያለፈ ልዩ ክፍል ወዳለበት ሁለተኛ ደረጃ ይገባል። የተሰረዘበት ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ እቤቱ ቁጭ ነው።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የአንዷ ልጅ ምስል ዙሪያውን ቀላ። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባዋለች። «በማሰቢያ ጊዜ እጇን አንቀሳቅሳለች፤ ከሰው ጋር ሳትነጋገር አልቀረችም» የሚል የኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ ወጣና ፈተናዋ በራሱ ተቆለፈ።

ክብሪት ቅጂውን ወደ ኋላ መልሳ አየችው። ልጅቷ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ ጣቶቿ ከደረቷ ዝቅ ብለው ቶሎ ቶሎ ይላሉ። «መጀመሪያ ሰውዬው መጣ። ቀጥሎስ? አስቢ እንጂ! ደደብ! አስቢ!»

ክብሪት ልትስቅ ነበር፤ እናቷ ትዝ አሏትና ተወችው። እሳቸውም እንደዚሁ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አይሰሙም፤ ልብስ ሲያጣጥፉ ከራሳቸው ጋር በእጃቸው ያጉረመርማሉ። አንድ እግር ካልሲ የጠፋባቸው እንደሆነ ጣቶቻቸው የማይሳደቡት ስድብ የለም።

ተነስታ ኃላፊው ጠረጴዛ ጋ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይቺን ልጅ ይክፈቱልኝ።»

ኃላፊው መነጽራቸውን ሳብ አድርገው ቅጂውን በራሳቸው ስክሪን አዩት። «ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከራሷ ጋር።»

«በእጇ?»

«በምን ታውራ ታዲያ፣ በጆሮዋ?»

ከሲታው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«አትጫሪብኝ እስቲ» አሉ ኃላፊው። «ደንብ ደንብ ነው። ስምንቱ እጃቸውን ሰብስበው ተቀምጠው የለም እንዴ? የእሷ ምን የተለየ ነው?»

ክብሪት ወደ ስክሪኑ ዞረች። ልጅቷ ካሜራውን አፍጥጣ እያየች ነው። «ምን አደረግኩ? ምን አደረግኩ?» ይላሉ እጆቿ። የሚመልስላት የለም። ፈተና ተቆጣጣሪ የራሱን ካሜራ ከፍቶ ተፈታኝ እንዲያናግር አይፈቀድለትም።

ኃላፊው ደንቡን አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ «ተፈታኝ... በማሰቢያ ጊዜ... እጁን...»

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አለች ክብሪት።

«እ?»

«ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ማነው የሚነግርዎት?»

«እያነበብኩ ነዋ!»

«እሷም እያሰበች ነበራ!»

ኃላፊው ደንቡን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ይሄና ያ አንድ አይደለም» አሉ። «ለበላይ እጽፋለሁ። በሁለት ቀን መልስ ይመጣል።»

«ፈተናው አምስት ሰዓት ላይ ያልቃል እኮ!»

በዚህ መሀል ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳች። ከወንበሯ ከተነሳች ፈተናው ይሰረዛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚከፍተው የለም። ክብሪት ወደ ቦታዋ ሮጠች፤ ካሜራዋን ከፈተች፤ እጆቿን አነሳች።

«ተቀመጪ! ጥፋቱ የእኛ ነው። እንዳትሄጂ!»

ልጅቷ ደንግጣ አየቻት። «እውነት?»

«እውነት። ተቀመጪ።»

ልጅቷ የወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ካሜራ ከፈትሽ!» ኃላፊው ከኋላዋ ቆመዋል። «በዚህ ጥፋት ሰው ከሥራ እንደሚባረር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እሱንም ይጻፉት። መጀመሪያ ግን ይክፈቱላት።»

ከሲታው ከወንበሩ ተነሳ። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል። «ጋሼ፣ እኔም አይቻለሁ። ምስክር ካስፈለገ እፈርማለሁ።»

ኃላፊው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በእሷ ኮምፒውተር ላይ የመክፈቻ ቁጥራቸውን አስገቡ። ቀዩ መስመር ጠፋ።

«ጊዜዋስ? አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የተቆለፈባት።»

«ያንቺ ነገር ማለቂያ የለውም!» ቢሉም አሥራ አንዱን ደቂቃ ጨመሩ። ቀጥለው የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ወደ እሷ ገፉት። «ምክንያቱን አንቺ ጻፊ። በስምሽ።»

«ተማሪዋ እያሰበች ነበር» ብላ ጻፈች፤ ሥሩ ላይ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ አስገባች።

ልጅቷ መለሰች። ሰውዬው መጣ፣ በሩን አንኳኳ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ተናገረችው።

ከዚያ ዘጠኙም የመጀመሪያውን ሲጨርሱ ብቻ የሚለቀቀው ሁለተኛው ጥያቄ መጣ፤ የማሰቢያውም ጊዜ ጀመረ። ክብሪት ዘጠኙንም አየቻቸው። ስምንቱ ተማሪዎች እጃቸውን ጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ጥርሱን ነክሷል። ኃላፊው «ሰብስበው ተቀምጠዋል» ያሉት ይሄንን ነው። ዘጠነኛዋም ካሜራውን ሰረቅ አድርጋ አየች፤ የሹራቧን እጅጌ ወደ ታች አወረደች፤ ከዚያ እሷም እንደ ሌሎቹ እጆቿ ላይ ተቀመጠች።

ክብሪት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች።

«ጋሼ!»

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ይምጡና ይዩ። ዘጠኙንም ይዩ! እጃቸውን አስረን ነው አስቡ የምንላቸው!»