ከመርዶው በፊት የነበረው መንገድ

ቦንጋ ላይ ሰው ያለ ጉዳይ አይራመድም። ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ወደ ቢሮ ሄዶ «ነገ ተመለስ» ተብሎ ይመለሳል እንጂ፣ ዝም ብሎ ሄዶ ዝም ብሎ የሚመለስ ሰው ከታየ ጠበል ያስፈልገዋል ይባላል። ስለዚህ ሔርሜላ የምትባል የደብረ ብርሃን ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት ብላ መጥታ፣ የደም ግፊት ያለባቸውን ሴቶች ሰብስባ በየማለዳው ማስኬድ ስትጀምር ከተማው ጉድ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ተሰብስበው ሲያልፉ ያየ ወንድ ሁሉ ለቅሶ የሚሄዱ እየመሰለው ባርኔጣውን አውልቆ «ደግሞ ማን ሞተ?» ይላል።

«ማንም አልሞተም! እኛው እንዳንሞት ነው!» ብለው የሚመልሱለት እትዬ አበዛሽ ነበሩ።

እትዬ አበዛሽ በገበያው ኮረሪማና ማር ይሸጣሉ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ መርዶውን ገና ከአልጋቸው ሳይወርዱ ነበር የሰሙት፤ ሰምተው ወደቁ፣ ሆስፒታል ገቡ፣ ከዚያ ወዲህ ግፊቱ አልለቀቃቸውም። ከግፊቱ ይልቅ የባሰው ግን ዝምታው ነው። የገበያ መደባቸውን ዘግተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋል ጀመሩ። ወደ ሔርሜላ ቡድንም የመጡት ጎረቤታቸው ላቀች እየጎተተች ስላመጣቻቸው ነው። በመጀመሪያ ቀን ሔርሜላ ሴቶቹን አቁማ፣ «መራመድ ልብን ያበረታል፣ ሐሳብን ያቀላል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እናንተ ታሳዩኛላችሁ» አለቻቸው። እትዬ አበዛሽ ይህን ሲሰሙ ወደ ሰማይ አንጋጠው «እስቲ ይሁና» ብቻ አሉ።

ሆነም። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲጋመስ መደቡ ተከፈተ። ሴትዮዋ ቀልድ ጀመሩ፣ የባጃጅ ሾፌሮችን መሳደብ ጀመሩ፣ ከሁሉም ፊት ፊት መሄድ ጀመሩ። ሔርሜላ ያነበበችው መጽሐፍ ሁሉ አጥኚ ከሚያጠናው ሰው ጋር ልቡን አያጣብቅ ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን ከቤቱ ርቆ፣ ዝናቡ በማያባራ አገር፣ በኪራይ ክፍል ብቻውን ከርሞ አያውቅም መሰለኝ። እትዬ አበዛሽ ማር በቆጮ አስይዘው «ብዪ፣ ከስተሻል» ሲሏት የእሷም ሐሳብ ይቀል ነበር።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ነቢዩ። ከጓደኞቹ ጋር ወርቅ ለመቆፈር ወደ ቆላ ወርዷል። ኔትወርክ ካለበት ኮረብታ ላይ በወጣ ጊዜ ይደውላል፤ የደወለ ቀን እናቱን በእርምጃ የሚችላቸው የለም።

አንድ ማለዳ ላቀች ሔርሜላን ከሴቶቹ ነጥላ ወደ አጥር ጥግ ወሰደቻት። ከንፈሯ ደርቋል።

«ነቢዩ የለም» አለቻት። «ጉድጓዱ ተደርምሶበት። እዚያው ቀብረውታል።»

«እትዬ አበዛሽስ?»

«አልሰሙም። እንዳትተነፍሺ! ወንድማቸው ጋሽ ከፈለኝ ከዋጫ ከተማ ተነሥተው ቁርጡን ሊያዩ ወደ ቆላ ወርደዋል። እሳቸው መቃብሩን በዓይናቸው አይተው ሳይመለሱ መርዶ አይነገርም።»

ሔርሜላ ዘወር ብላ አየች። እትዬ አበዛሽ የጫማቸውን ክር እያሰሩ ከአንዷ ሴት ጋር ይሳሳቃሉ። ከሳቸው በቀር በዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ገበያው ያውቃል፣ ዕድሩ ያውቃል፣ ስልካቸውን «ላሠራልዎት» ብላ የወሰደችባቸው ላቀች ታውቃለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

«ይሄማ ልክ አይደለም» አለች ሔርሜላ። «የገዛ ልጃቸው እኮ ነው።»

«እናንተ አገር በምን ይነገራል? በስልክ ነው?»

የሔርሜላ አባት የሞተ ጊዜ አጎቷ እሷ ወደምትማርበት ዩኒቨርሲቲ መጥቶ «ትንሽ አሞታል፣ ነይ እንየው» ብሎ ነበር የወሰዳት። መንገዱን ሁሉ ብርቱካን እየላጠ አጎረሳት። አጎቷ ደግ ሰው ነው፣ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ሆኖም ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኑን አይታ ሰላም ብላው አታውቅም፣ ብርቱካንም አትወድም። አሁን ተራው የእሷ መሆኑ ገባት።

ክፉ አጋጣሚ ሆኖ ያ ሳምንት የመለኪያ ሳምንት ነበር። ሴቶቹ ስሜታቸውን በቁጥር የሚናገሩበትን መጠይቅ ሔርሜላ በየቤቱና በየመደቡ እየዞረች ትሞላለች። እትዬ አበዛሽን መዝለል አሰበች፤ ግን እሳቸው ራሳቸው ከሩቅ ጠሯት።

«ምነው እኔን አለፍሽኝ? የኔ ስሜት አይጠየቅም?»

ከኮረሪማው ክምር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እንቅልፍዎት እንዴት ነው? ግሩም። ምግብ ይበላልዎታል? በጾም እንኳ አልከሳሁም። ድንገት ማልቀስ ያሰኝዎታል? «አሁን ማን ያለቅሳል!» አሉና ሣቁ። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ሔርሜላ ከወረቀቱ ሳትቀና አነበበች።

«ስለሚመጣው ጊዜ ተስፋ ይሰማዎታል?»

«ነቢዩ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎኛል» አሉ እትዬ አበዛሽ። «ከዚህ ወዲያ ምን ተስፋ አለ? ትልቁን ቁጥር ክበቢልኝ።»

ከበበችላቸው። ማታ ደምራ ስታየው ጥናቱ ከተጀመረ እንዲህ ያለ ደስታ የሞላ ሰው አልነበረም። ወደ አማካሪዋ ዶክተር ፍቃዱ ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ በጣም አዘኑ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ከዚያ «ግን እኮ የሞላችው ከመስማቷ በፊት ነው፤ ዳታው ችግር የለበትም» አሏት። ተምሮ ተምሮ እዚህ መድረስም አለ።

ጋሽ ከፈለኝ ቅዳሜ ከሰዓት ተመለሱ። ሔርሜላን በላቀች ቤት አስጠሯት። ሁለት የዕድር ሽማግሎች አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ጋሽ ከፈለኝ ረጅም፣ ጫማቸው የቆላ አቧራ የያዘ ሰው ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ነውና፣ አማርኛውን እያሰቡ፣ ቀስ እያሉ ይናገራሉ።

«ልጄ፣ መቃብሩን አየሁ። እውነት ነው።» ወደ ሽማግሎቹ አይተው ቀጠሉ። «ነገ ጠዋት እንነግራለን። አንቺ ትረጅናለሽ።»

«እኔ ምን ልርዳ ጋሼ?»

«የባሏን መርዶ አልጋ ላይ ነገርናት፣ ወደቀች። አሁን ደግማ ከወደቀች አትነሣም። አንቺ ደግሞ መራመድ ልብ ያበረታል ብለሽ አስተምረሻል። እኛም አይተናል፣ እውነት ነው። ስለዚህ ነገ እንደ ሁልጊዜው ውሰጃት። እናንተ ስትሄዱ እኛ ድንኳን እንተክላለን። ተራምዳ፣ ሰውነቷ ሞቆ፣ ልቧ በርትቶ ስትመለስ እንነግራለን።»

ሔርሜላ ደነገጠች። «ጋሼ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም እኮ። በወራት ነው እንጂ በአንድ ጠዋት ልብ አይበረታም። ደግሞ ሐዘንን የሚችል ልብና ደም የሚረጭ ልብ አንድ አይደለም…» አለችና ቆመች። ሽማግሎቹ በትሕትና ያዳምጧታል፤ አንዱም ግን አልገባቸውም፣ ወይም ገብቷቸው አልተቀበሉትም። ስትሰብክ ከርማ ሲያምኗት መካድ ሆነባት። ደግሞስ እሷ እምቢ ብላ ሴትዮዋ አልጋ ላይ ሰምተው ቢሞቱ? ማን ነው ይህን ተሸክሞ የሚኖር?

«እሺ» አለች።

እሑድ ጠዋት ጉም ነበር። ከሴቶቹ ግማሾቹ ቀርተዋል፤ የመጡትም አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሄዱት። የሚናገሩት እትዬ አበዛሽ ብቻ ናቸው።

«ዛሬ ምን ሆናችኋል? አፋችሁን ማን ሰፋው?»

«ጾሙ ነው» አለች ላቀች፣ ፊቷን አዙራ።

«ጾሙ ከምግብ ነው እንጂ ከወሬ መቼ ነው!» ብለው ብቻቸውን ሣቁና ሔርሜላን በክንዷ ያዟት። ስለ ነቢዩ አወሩላት። ሕፃን ሳለ ጫካ ውስጥ ጠፍቶ፣ ሲፈልጉት ውለው፣ ማር ቆራጮች ዛፍ ሥር ተኝቶ እንዳገኙት፤ አሁን ሲመጣ ሚስት ሊያጩለት እንዳሰቡ፣ ልጅቱ ሺሺንዳ ከተማ እንዳለች፣ ለእሱ ገና እንዳልነገሩት። «አንቺ ታገቢው ነበር፣ ግን አንቺ ዶክተር ልትሆኚ ነው» አሏት። ሔርሜላ ሣቀች። ከዚያ ሣቅ የከበደ ሥራ በዕድሜዋ አልሠራችም። ልንገራቸው፣ እዚሁ መንገድ ላይ እጃቸውን ይዤ ልንገራቸው አለች በልቧ። አፏን ከፈተች፤ የወጣው «ይጠንቀቁ፣ ያንሸራትታል» የሚል ነው።

ከጫካው አፍ ደርሰው ዞሩ። ላቀች በስልኳ የመጣውን መልእክት አይታ ራሷን ነቀነቀች። ድንኳኑ ተተክሏል ማለት ነው።

የመልሱን መንገድ ሔርሜላ አልቻለችውም። አንዴ ከሆነ ቶሎ ይሁንና ይለቅ የሚል ጭንቅ ያዛት፣ እግሯም ሳታስበው ፈጠነ። ሴቶቹ ወደ ኋላ ቀሩ። እትዬ አበዛሽ ግን መቼ ሊቀሩ! ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው እኩል እኩል ተከተሏት።

«ዛሬ ምን ነካሽ? አታሸንፊኝም!» አሉ እያለከለኩ፣ ፊታቸው በላብ በርቶ።

የመንገዱን ጥግ ሲዞሩ ድንኳኑ ከበራቸው ላይ ቆሟል። ሰው ሞልቷል። ከሰዉ ፊት ወንድማቸው ጋሽ ከፈለኝ ባዶ እራሳቸውን ቆመዋል።

እትዬ አበዛሽ ቆሙ። ወንድማቸውን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ ከዚያ ዘወር ብለው ሔርሜላን አዩ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ የሳቸውም እንዲሁ።

«ነቢዩ ነው?» ብለው የጠየቁት እሷን ነው።

ሔርሜላ አለቀሰች። መርዶው የተነገረው እንዲህ ነው።

ለቅሶው በካፊኖኖ ስለነበር ከሚባለው አንዱንም አልለየችም፣ ከልጁ ስም በቀር። እትዬ አበዛሽ አልወደቁም። ጋሽ ከፈለኝ ለለቀስተኛው ሁሉ «አላልኩም? ጉዞው ነው ያጸናት» እያሉ ሲናገሩ ዋሉ። ወሬው ከተማውን ዞረ፤ የሔርሜላ ጥናት በደጋፊ አላነሰም። እሷ ግን ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ የምታየው ሌላ ነበር። ያኔ በባላቸው ጊዜ ራሳቸውን ስተው ያላዩትን ቀን፣ አሁን ቆመው፣ ጸንተው፣ ከጥዋት እስከ ማታ አንዲት ደቂቃ ሳትቀር አዩት። መውደቅም ለካ እረፍት ኖሯል፤ እሱንም እሷ ነሣቻቸው።

ከዚያ በኋላ የሚራመድ ጠፋ። ሴቶቹ አልተጣሏትም፤ ሲያገኟት ይስሟታል፣ «ነገ እንመጣለን» ይሏታል፣ ማለዳ ላይ ግን እሷ ብቻዋን ቆማ ትመለሳለች። ማን ጫማውን አስሮ ይወጣል፣ ሲመለስ በደጁ ምን እንደተተከለ ሳያውቅ? የእትዬ አበዛሽም መደብ ተዘጋ። ሔርሜላ የሳቸውን ቁጥር ሁሉ ከጥናቱ አወጣች። ዶክተር ፍቃዱ ተቆጡ፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አልሰማቸውም ብላ አወጣች።

አርባው ካለፈ በኋላ ሻንጣዋን አሰናድታ ልትሰናበታቸው ሄደች። እትዬ አበዛሽ ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው እቤታቸው ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። ስትገባ ግን ዞሩላትና ቦታ ለቀቁላት። ብዙ ሰዓት አብረው ተቀመጡ። እንግዲህ ልሂድ ብላ ስትነሣ እጇን ያዟት።

«አልተቀየምኩሽም» አሉ። «ወንድሜ ነው ያዘዘሽ። እኔም ለሰው እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ የስንቱን መርዶ ደብቄ አብሬ ስቄያለሁ። ወጉ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ።»

«ይጠይቁኝ እትዬ።»

«ስንመለስ ለምን አፈጠንሽኝ?»

ሔርሜላ መዋሸት አልፈለገችም። «ጭንቁን አልቻልኩትም። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ነው» አለች።

እትዬ አበዛሽ እጇን ለቀቁ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ቀስ ብለሽ ብትወስጂኝ ምን ነበረበት ልጄ? እዚያ ጥግ እስክንደርስ ድረስ እኮ ነቢዩ አልሞተም ነበር።»