የዶክተር ታክ ስጦታ

ዶክተር ታክ ካንሰር የወሰደውን ጡት መልሶ በመሥራት በሴኡል የታወቀ ሐኪም ነው። ይህንንም ከማንም ቀድሞ የሚነግርህ ራሱ ዶክተር ታክ ነው። ግድግዳው ሙሉ የምስክር ወረቀት፣ ከኋላው የሚከተለው መዓት ተማሪ። የሚሰማ ጆሮ ብቻ ነው የጎደለው፤ እሱንም ፈልጎት አያውቅም።

ቦንግሬ የምትባለው ደግሞ ገበያ ውስጥ ደረቅ ዓሣ የምትሸጥ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ግራ ጡቷ ከተቆረጠ ወዲህ፣ እሑድ እሑድ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ራቁቷን ቁጭ ብላ፣ የአንዷን ጀርባ አሽታ የራሷን ማሳሸት ቀርቶባታል። የፈለገችው ማንም ዞር ብሎ ሳያያት ገብታ መታጠብ ነው። ሌላ ምንም አላማራትም።

ጡቷን መልሶ ከመሥራቱ በፊት ዶክተር ታክ ደረቷ ላይ በማርከር ሲያሰምር፣ "ዝቅ ያድርጉት" አለችው። "ልክ እንደ ቀኙ። ሦስት ልጅ ያጠባ ጡት ይምሰል።"

ዶክተሩ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ ሳቀ። "እማማ፣ ሰው እኮ የሃያ ዓመት ልጅ ጡት እንድሠራለት ስምንት ወር ወረፋ ይጠብቃል! እርስዎ አሮጌ ያዙኛል?"

"አዎ፣ አሮጌ።"

"ለእኔ ይተዉት።"

ምን ታድርግ? ማደንዘዣ የወጉት ሰው አይከራከርም። ስትነቃ አዲሱ ጡት አገጯ ሥር ሊደርስ ምንም አልቀረው።

"ስጦታዬ ነው" አላት። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። አይ አጨብጫቢ፣ መች ይጠፋል!

ቁስሉ ሲሽር፣ አንድ እሑድ ፈራ ተባ እያለች መታጠቢያ ቤት ገባች። ፎጣዋን ስታወርድ፣ ገንዳው ውስጥ የተዘፈዘፉ ሁለት የማታውቃቸው ሴቶች አፈጠጡባት።

"አየሻት? በዚህ ዕድሜዋ ጡት አሠርታ!"

"አንዱን ብቻ እኮ ነው። ለሁለተኛው ገንዘብ አጥሯት ይሆናል።"

ተሳሳቁ። ቦንግሬ "ካንሰር ነው" ልትል አፏን ከፈተች። ደሞ ለነዚህ! መልሳ ዘጋችው። ውሃ ሳይነካት ለብሳ ወጣች።

ሰኞ ዶክተር ታክ ዘንድ ሄዳ ደረቷን ገልጣ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ይደነግጣል ብላ ነበር። እሱ ጭራሽ ፊቱ በራ።

"ይሄማ ቀላል ነው! ቀኙን ቀድጄ ወደ ላይ አነሳዋለሁ። ሥራዬን ያበላሸብኝ እሱ ነው።"

ማርከሩን ከፍቶ ቀኝ ጡቷ ላይ ሊያሰምር እጁን ሰደደ። ቦንግሬ እጁን አየር ላይ ቀለበችው። ዕድሜ ልኳን የዓሣ ኬሻ ያነሳች ሴት ናት፤ ሊያስለቅቃት ቢታገል አቃተው።

"ዶክተር፣ ይሄ እኮ ያልታመመው ነው" አለችው። "የእርስዎን ሥራ ዝቅ የሚያደርግልኝ ሐኪም ካወቁ፣ በዚህ ማርከር ስሙን ይጻፉልኝ።"