ከታንኩ እስከ ወንዙ

ደግሞ የግራው ሰንሰለት፣ የቀኙስ እሺ፣ የቀኙ ከነጥርሱ ተርፏል፣ የግራው ግን በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ሠላሳ ሰባት ዓመት ተኝቶ እንደ ደረቀ ቂጣ እየተፈረፈረ ነው የወጣው፣ ስለዚህ ከሳይክል የውስጥ ጎማ ላይ ቀጭን አድርጋ ትቆርጣለች፣ በምላጭ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ዳሲቱ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ፣ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ መዳፍ ለሚያህል የፕላስቲክ ታንክ ሰንሰለት ታጠልቃለች። ሰው ቢያያት ምን ይላል። ይበል። ዛሬ መጋቢት አምስት ነው፣ የወንድሟ የጦር ጓደኛ ጋሽ ሀብተሚካኤል ሳሪስ አቦ አስቀድሰው ይመጣሉ፣ ሳይመጡ ማለቅ አለበት።

ታንኩ የወንድሟ ነው። የቀጀላ። ራሺያ ለታንክ ጥገና ትምህርት ተልኮ ዓመት ተቀምጦ ሲመለስ፣ ሰው ካፖርት ያመጣል፣ ሬዲዮ ያመጣል፣ እሱ ሦስት ካርቶን ፕላስቲክ ይዞ መጣ፣ አንዱ ታንክ፣ አንዱ የጭነት መኪና፣ አንዱ ወታደሮች፣ ሁሉም ተገነጣጥሎ ከቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ወይን ተንጠልጥሎ፣ እናታቸው ካርቶኑን ከፍታ ብዙ ካየች በኋላ፣ ልጄ፣ የተሰበረ ነው የሸጡልህ፣ አለችው፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አቃቂ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረችው ቤት፣ መስኮት ሥር፣ አብረው ገጣጠሙት፣ እሱ በወረንጦ ይይዛል፣ እሷ ማጣበቂያ ትቀባለች፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም አንቺ፣ ይላታል፣ ያኔ ፈትል ክፍል ከገባች አምስተኛ ወሯ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የሚውል ጣት ምኑ ይንቀጠቀጣል። የጭነት መኪናው ሳያልቅ ተጠራ። ወደ ሰሜን።

ከዚያ ደብዳቤው፣ በተሰለፉበት ግንባር የተጣለባቸውን ከፍተኛ ግዳጅ በመወጣት ላይ ሳሉ፣ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቁጥር። በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜው ቀጀላን አንቱ ያለው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

እናታቸው ሁሉንም ሰብስባ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ አራት ዓመት ሆናት ካረፈች፣ ሳጥኑ ለዳሲቱ ደረሰ፣ ስትከፍተው አፈሙዙ ተሰብሯል፣ የወታደሮቹ ክንድ ረግፏል፣ አንዱን ጎማ አይጥ በልታዋለች፣ አይ፣ አለች ለራሷ፣ እንዲህ አላስቀምጥህም። ስለዚህ ጋራዥ የሚሠራ ጎረቤት ጠየቀች፣ ያረጀ ቀለም በምን ይለቃል፣ በፍሬን ዘይት፣ ሁለት ቀን ነከረችው፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው፣ እንደተወለደ ሕፃን ራቁቱን ወጣ። ለስንጥቁ ደግሞ የተረፈውን ዘንግ ከትፋ በአሴቶን ማሟሟት፣ ታች ሱቅ ሳፊያ፣ እትዬ ዳሲቱ፣ አሴቶን ለምንዎ ነው፣ ጥፍር ሲቀቡ አይቼ አላውቅ፣ ለታንክ ነው፣ ሳቀች ሳፊያ፣ ፊቷን አየችና ሳቋን ዋጠችው፣ ለወንድምዎ ነው አይደል፣ አለች፣ ጠርሙሱን በሁለት ላስቲክ ጠቅልላ ሰጠቻት። አንቴናውን ግን ማንንም አልጠየቀችም፣ ዘንጉን ሻማ ላይ አሙቀሽ ቀስ ብለሽ ስትስቢው እንደ ፈትል ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ሊበጠስ ሲል እጅ ያውቃል፣ ሠላሳ ዓመት የፈተለ እጅ።

ሰንሰለቱ ገባ። ተመስገን።

አሁን ኮምፔንሳቶው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ክንድ የሚያህል ኮምፔንሳቶ፣ አፈሩን በወንፊት ነፍታ በነጭ ኮላ አጣብቃዋለች፣ በአንድ ጎን ወንዝ፣ መሀል ላይ ሾላ፣ ሾላው የደረቀ የጦስኝ ግንድ ነው፣ ቅጠሉ አረንጓዴ የተቀባ የሻይ ቅጠል፣ ከሥሩ ሦስት ወታደሮች ቆመው አንዱ ተቀምጧል፣ የአምስተኛው ራስ የተቀመጠው ጭን ላይ ነው። የተቀመጠው ጋሽ ሀብተሚካኤል ናቸው፣ ቀጀላ የነበረበት ታንክ ነጂ። የተኛው ቀጀላ። ከራሷ ያወጣችው የለም፣ ሁሉም እሳቸው እንዳወሩት ነው፣ በየዓመቱ መጋቢት አምስት እናቷ ቤት መጥተው፣ እዚሁ አጠገቤ ተመታ፣ ጭኔ ላይ አረፈ፣ በገዛ እጄ ሾላ ሥር ቀበርኩት፣ እናትየዋም በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ፣ ሾላው ትልቅ ነው ወይ፣ ትልቅ ነው እናቴ፣ ጥላ አለው፣ አለው፣ እሷም ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ እስከ ከርሞ።

በሩ ተንኳኳ።

እንኳን አደረሰዎ ጋሼ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ዳሲቱዬ፣ ይሄ ደረጃሽ አንድ ቀን እላዩ ላይ ያስቀረኛል፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ሸምግለዋል፣ አምና እንዲህ አልነበሩም፣ ውሃ ትሰጣቸዋለች፣ አንድ ጊዜ ይጎነጩና ያስቀምጡታል። ላሳይዎት የምፈልገው ነገር አለ፣ ልክ መሆኑን እንዲነግሩኝ፣ ደብተሯን እንደምታሳርም ተማሪ፣ የሸፈነችበትን ጨርቅ ታነሳለች።

ያያሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው ያያሉ። ከታች ወያላው ሳሪስ ሳሪስ ሳሪስ የሞላ ይላል፣ እሷ ትቀባጥራለች፣ ቀለሙ ትንሽ ጠቁሮብኛል፣ የታንኩን ቁጥር ስለማላውቅ አልጻፍኩበትም፣ ወንዙ ኮላ ነው፣ ስምንት ጊዜ እየደረቀ የተደራረበ። ማን ነው እንዲህ ነበር ያለሽ፣ አሉ በመጨረሻ። እርስዎ ነዎት ጋሼ። እኔ። አዎ። እኔ ነኝ፣ አሉ።

ሾላ የለም፣ ዳሲቱ።

ምን አሉ።

ሾላ አልነበረም፣ ገላጣ ነው፣ ድንጋይ ብቻ፣ ጥላ የሚባል የለም።

ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ፊታቸውን ከኮምፔንሳቶው ሳያነሱ፣ እሷ ቃሉን አንድ በአንድ ትሰማለች፣ ውሃ ጨርሰን ነበር፣ ቀጀላ ጀሪካን ይዞ ወንዝ ወረደ፣ ወዲያው መድፍ መዝነብ ጀመረ፣ አዛዣችን ንዳ አለኝ፣ አንድ ሰው ወንዝ ነው አልኩት፣ ንዳ አለኝ፣ ነዳሁ። አንድ ጊዜ ዞሬ አየሁ። እየሮጠ ነው ወደ እኛ፣ ከነጀሪካኑ። አቧራው ጋረደው። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፣ ማንም አላየውም፣ በማግሥቱ ያ ቦታ በእጃችን አልነበረም።

ጥላ አለው፣ አለው። እናቷ ዓይኗን የከደነችው በዚያ ጥላ ነው፣ ያለችው የመጨረሻ ነገር ምን ነበር፣ ሾላው ሥር ነው እኮ፣ አይሞቀውም፣ ነው ያለችው፣ ይኸው ሾላው የሻይ ቅጠል ነው፣ ይውጡ ልበላቸው፣ ከዘራዎን ይያዙና ይውጡ፣ እጇ ሳታዘው ጨርቁን ወደ ታንኩ ይጎትታል፣ ለምን ዋሿት ጋሼ፣ ለምን።

በሩን የከፈቱልኝ ቀን፣ ይላሉ፣ እናታችሁ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ ብቻውን ነው ወይ የሞተው አሉኝ። አይደለም እናቴ፣ እኔ ነበርኩ፣ አልኩ፣ አፌ ነው ያለው። ያቺን ካልኩ በኋላ ደግሞ የት ቀበርከው መጣ፣ ገላጣ ላይ ልበላቸው፣ ሾላ አልኩ፣ በየዓመቱ ስመጣ ዛሬ እነግራለሁ እላለሁ፣ ጥላ አለው ይሉኛል፣ የለውም ልበል። አንቺ ደግሞ ይኸው ተከልሽው። ዛሬስ አልቻልኩም።

ጨርቁ እጇ ላይ ቀረ።

ግን ትቼው መንዳቴ አይደለም የሚበላኝ፣ አሉ፣ ትእዛዝ ነው፣ ጦርነት ነው፣ እሱን ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ። ጀሪካኑን አልጣለም። ሙሉ ጀሪካን እኮ ነው፣ ክንድ ይገነጥላል፣ ቢጥለው ይደርስ ነበር፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሌሊት ሌሊት ጣለው እለዋለሁ፣ አይጥለውም።

ቀጀላ ሲሮጥ ታውቀዋለች፣ ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ከነጀሪካኑ ግን፣ ቆይ፣ ጥለውኝ ሄዱ ያለ ሰው በእጁ ያለውን ይጥላል፣ ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ውሃ አይሸከምም፣ ስለዚህ አላወቀም፣ እንደተዉት አላወቀም፣ እፊት ቆመው ይጠብቁኛል፣ ጠምቷቸዋል ብሎ ነው፣ ይኸው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ይሄ ይሻላል ወይስ ይብሳል፣ ይብሳል፣ እንደዚያ አምኗቸው፣ አይ፣ ይሻላል፣ ሳይከፋው ነው፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰው አልከፋበትም። ይሄን አሁን እሷ ብቻ ነው የምታውቀው። ዝም ብትል እኚህ ሽማግሌ ደረጃውን ወርደው፣ ታክሲ ይዘው፣ ጣለው ጣለው እያሉ ይሞታሉ፣ ዝም ማለት ትችላለች፣ እናቷን ሠላሳ ሦስት ዓመት ዋሽተዋል፣ አንድ ዝምታ ምን አላት፣ ትችላለች።

እጃቸው ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ከዘራ ይፈልጋል። ታንክ የነዳ እጅ።

ጋሼ። እንደተዋችሁት አላወቀም።

ምን።

ቢያውቅ ይጥለው ነበር። ጠምቷችኋላ። ውሃውን ሊያደርስላችሁ ነው የሮጠው።

ቀና ብለው አዩአት፣ ዓይናቸው መጀመሪያ አልገባውም፣ ከዚያ ገባው፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፣ አለቀሱ፣ ድምፅ የለውም፣ የሽማግሌ ለቅሶ ድምፅ የለውም፣ እሷ ወንበሯን ሳበችና አጠገባቸው ተቀመጠች፣ አላባበለቻቸውም፣ እንባዋ እሷም አገጯ ላይ ደርሷል፣ በክንዷ ጠረገችው፣ ደግሞ መጣ።

ከዚያ፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጡ እንጃ፣ ወረንጦዋን አነሳች። የት ጋ ነበር ወንዙ፣ ያሳዩኝ። ሾላውን ከሥሩ ነቀለችው፣ ኮላው ቅርፊት ይዞ ተነሳ፣ ጉድጓዱን በአፈር ደፈነችው፣ ገላጣ ይሁን እንግዲህ። የቆሙትን ሦስቱን አነሳቻቸው፣ እነሱ ታንኩ ውስጥ ነበሩ፣ ክዳን ዘግተው፣ የእኔ ብቻ ክፍት ነበር፣ አሉ። ቀጀላን ከጭናቸው ላይ በምላጭ ለቀም አድርጋ አላቀቀችው፣ እግሩን ሻማ ላይ አሙቃ አጠፈችው፣ ሯጭ ሆነ፣ የግራ ትከሻው ዝቅ እንዲል በጣቷ ጫን አለችው፣ ከዘንጉ ቁራጭ ጀሪካን ጠርባ እጁ ላይ አደረገችለት። እዚህ ጋ፣ አይ፣ ራቅ፣ ትንሽ ራቅ፣ አዎ፣ እዚያ ጋ ነው ያየሁት፣ ከታንኩ አራት ጣት። አራት ጣት ምን አላት፣ ሁለቱም ያችን ባዶ አፈር ያያሉ።

እኔስ፣ አሉ ቀስ ብለው፣ እኔን አውጪኝ ከዚያ።

አላወጣቻቸውም። የተቀመጠውን ወታደር ከወገቡ ቆረጠችው፣ በነጂው ክዳን ብቅ እንዲል፣ አንገቱን ለየችና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረችው፣ ዞረው አይተውታል አይደል፣ አይቼዋለሁ፣ እንግዲያው ይዩት። ማጣበቂያ ጠብ አደረገች፣ ቦታው ላይ አስቀመጠችው፣ ይያዙት ጋሼ፣ በአውራ ጣትዎ፣ እንዳይዞር፣ እስከ ሃያ ድረስ ይቁጠሩ። ጎንበስ ብለው ያዙት፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ታች ልጆች ኳስ ያነጥራሉ፣ የሰው ልብስ ገመድ ላይ ይርገበገባል፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ አልለቀቁትም፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ደርቋል፣ ከደረቀ ቆየ፣ ዳሲቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃቸዋለች፣ ደርቋል አትላቸውም።