አምስተኛውና ስድስተኛው ጥቅል

ተከታታይ ድራማው በቴሌቪዥን ይታይ በነበረ ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ከተማው ጭር ይል ነበር። ስልክ ማዞሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ የውኃ መሳቢያ ጣቢያ ውስጥ ሞታ ትገኛለች። ማን ገደላት? ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው በዚህ ተከራከረ፣ ባልና ሚስት ተኮራረፈ፣ ድራማው ግን ገዳዩን ሳይናገር አለቀ። እንግዲህ የስልኳ ልጅ ከመሞቷ በፊት የነበሩትን ስድስት ቀናት የሚያሳይ ፊልም ወጣ ሲባል፣ ሰው መልሱን ሊሰማ ግልብጥ ብሎ መጥቶ አዳራሹን ሞላው።

ፊልሙ ግን መልስ አልያዘም። ቢሮ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ደረጃ ላይ ፈረስ ይቆማል፤ ቆሞም ምንም አያደርግም። ወንበር የተሸከመ ሰውዬ ጀርባውን ብቻ እያሳየ ያልፋል።

«ፈረሱ ነው የገደላት!» ብሎ ጮኸ ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ረድፍ፤ አዳራሹ በሳቅና በፉጨት ተናጋ።

ፊልም አጫዋቹ ከላይ፣ ከማሽን ክፍሉ፣ በትንሿ መስኮት ቁልቁል ያያል። የሚያየው ግን ሸራውን አልነበረም፤ ሰባተኛው ረድፍ ዳር ላይ ጥቁር ለብሳ የተቀመጠችውን ታላቅ እኅቱን ነበር። ልጇ ከሞተችባት አሥራ አንድ ሳምንት ሆኗል። የዘጠኝ ቀን ትኩሳት ነው የወሰዳት፤ ምን እንደሆነ ሐኪሞቹም ቁርጡን አልተናገሩም። እናትና ልጅ ያንን ድራማ አንድም ክፍል ሳያመልጣቸው፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ነበር የሚያዩት። «እሷ ብትኖር አትቀርም ነበር» ብላ ነው ዛሬ የመጣችው።

ፊልሙ በስድስት ጥቅል ተከፋፍሎ ነው የመጣው። እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ ቆርቆሮ አለው፤ ክዳኑ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ክዳን አያምንም፤ ቀድሞ ያሳየው ሲኒማ ቤት አቀያይሮ ከድኖት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የፊልሙን ጫፍ ሁለት ክንድ ያህል ስቦ፣ ወደ አምፖል አስጠግቶ፣ እዚያው ፊልሙ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል። አጫዋቹ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ይህን ሳያደርግ ጥቅል ጭኖ አያውቅም። ያን ሐሙስ ከሰዓት ግን ዓይኑ እኅቱ ላይ ተተክሎ ስለቀረ ክዳኑን አመነ።

በዚህ የተነሣ ስድስተኛው ጥቅል ከአምስተኛው ቀደመ። የስልኳ ልጅ ውኃ መሳቢያው ጣቢያ ውስጥ ሞተች፤ ሸራው ጨለመ፣ እንደ ጨለመም ቆየ። አጫዋቹ የነቃው ያን ጊዜ ነው። ግን ምን ሊያደርግ? የቀረውን ጥቅል ለቀቀው። ልጅቷ ፀጉሯ ርሶ፣ እየሳቀች፣ በብስክሌት መጣች። ወጥ ቤት ገብታ ከእናቷ እጅ ብርጭቆ ተቀብላ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠጣች። «ነገ ቀደም ብዬ እመጣለሁ» አለቻት። በዚሁ አለቀ።

የሠሪዎቹ ስም መጀመሪያ ላይ ያለፈ ስለነበር ጉዱን የሚያሳብቅ ነገር አልነበረም። ሲያፏጭ የቆየው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

«ገባኝ! ማን ገደላት እያልን እኛ ስንናቆር፣ እሷ እቴ ተመልሳ ብስክሌት ትነዳለች!»

እኅቱ ደረጃው ላይ ጠበቀችው። ፊቷ ላይ ከአሥራ አንድ ሳምንት ወዲህ ያላየው ነገር ነበር።

«አየሃት አይደል?»

«የቷን?»

«የቷን ይለኛል እንዴ! ውኃ ስትጠጣ ነዋ! ቁርጥ የኔዋን።»

«እታለም፣ እኔ የምልሽ...»

«ተወኝ እስቲ፣ አሁን ምንም አትበለኝ። ነገ ጋሼህን፣ አባቷን፣ ይዤው እመጣለሁ። የስፌት መኪናውን ሸፍኖ ግድግዳ ሲያይ ነው የሚውል። ይህቺን መጨረሻዋን ይያት፤ ምናልባት ሰው ይሆንልኛል።»

«ፊልም እኮ ነው።»

«ፊልም መሆኑ ጠፋኝ? ጭራሽ ሞኝ አደረግኸኝ?» ብላ ትከሻውን ቸብ አድርጋው ወረደች። እንደ ድሮዋ ስትቀልድ ሲሰማ ስለ ጥቅሎቹ ሳይነግራት ቀረ።

ዓርብ ዕለት ሁለቱን ጥቅሎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከነሱ ጋር ተፋጠጠ። ዛሬም ቢያቀያይራቸው ማን ያውቃል? ማንም። የእኅቱ ልጅ ያረፈች ዕለት ጠዋት ሆስፒታል አጠገቧ የነበረው እሱ ነው፤ እናቷ ልብስ ልታመጣላት ቤት ሄዳ ነበር። መንገድ ላይ እንዳትወድቅበት ብሎ ስልክ ደወለና «ተሽሏታል፣ ቀስ ብለሽ ነይ» አላት። አመነችው። የታጠበ ፒጃማና የተላጠ ብርቱካን ይዛ፣ ደስ ብሏት ደረጃውን ወጣች። ከቀብር በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው፦ «ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ።»

ቁጥሮቹን በአምፖሉ አነበበና ጥቅሎቹን በየቦታቸው አሰለፈ።

አስቀድሞ ሊነግራት በር ላይ ጠበቃት። ባሏ እግሩን እየጎተተ ስላስረፈዳት የደረሱት መብራቱ ሊጠፋ ሲል ነው።

«እታለም፣ አንዴ ላናግርሽ...»

«ኋላ፣ ኋላ!» ብላ ባሏን በእጁ እየመራች አልፋው ገባች።

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን ግጥም አድርጎ አምጥቷል። ፈረሱ ሲመጣ ሰዉ ሲያጉረመርም «ታገሡ! መጨረሻ ላይ ነው ነገሩ፤ ትመለሳለች!» ይላል።

አምስተኛው ጥቅል ጀመረ። ልጅቷ ገና ሳትሞት ብስክሌቷ ስትመጣ እኅቱ ከወንበሯ ዞር ብላ ሽቅብ ወደ መስኮቱ አየች። የስልኳ ልጅ ውኃውን ስትጠጣ ልብስ ሰፊው ባሏ ወደ ፊት አዘነበለ፤ መዳፉን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ስድስተኛው ተተካ። ልጅቷ ወደ ውኃ መሳቢያው መውረድ ጀመረች። ወንበር የተሸከመው ሰውዬ ወንበሩን መሬት አስቀመጠ።

እኅቱ ተነሥታ ቆመች።

«አቁመው!»

«እውነቷን ነው!» አለ አንዱ። «አቁመው! ይበቃል!» ከኋላ ሌላው ተቀበለ፤ እግሩንም መሬት መምታት የጀመረ አለ። በፊልሙ የተናደደች ተመልካች መስላቸው ነው።

አጫዋቹ ማሽኑን አቁሞ፣ የአዳራሹን መብራት አብርቶ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

«እንዲህ አልነበረም» አለችው።

«እንዲህ ነው፣ እታለም። የተሳሳትኩት ትናንት ነው። ጥቅሉ ተቀያይሮብኝ ነው።»

ትክ ብላ አየችው።

«እና ዛሬ ለምን አልተሳሳትክም?»

«እንዳትዋሸኝ አልሽኛ» አለ፤ ድምፁ የሕፃን መሰለ።

«እመቤት፣ ምን ተባለ? ይጨርሰው ወይስ እንሂድ?» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ተጣራ።

«እኔ አየኋት» አለ ባሏ እየተነሣ። ድምፁን ከሰሙት ሰነባብተዋል። «ውኃውን ስትጠጣ አየኋት። በቃኝ። ከዚህ ወዲያ ያለውን አውቀዋለሁ። ነይ እንሂድ።»

እሷ አልሄደችም፤ ተቀመጠች እንጂ። የፊቷን ወንበር ጀርባ በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ያኔም አልነበርኩም» አለች። «ፒጃማ ሳጣጥፍ ነው ያመለጠችኝ። ሂድ ጨርሰው።»

«እታለም፣ አሁን ይህን...»

«ጨርሰው አልኩህ!»

ባሏ አጠገቧ ተመልሶ ተቀመጠ።

አጫዋቹ ወጥቶ ማሽኑን አስነሣ። ከመስኮቱ ሆኖ ሊያያት አልደፈረም፤ የጥቅሉን መዞር ብቻ ሲመለከት ቆየ። ፊልሙ አለቀ። ሸራው ጨለመ።

«የታለች?» አለ ፀጉር አስተካካዩ በጨለማው ውስጥ። «ትናንት ተመልሳ ነበር እኮ! በናታችሁ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት!»

ተሳሳቁበት፣ አፏጩ፣ ወንበር እያንኳኩ መውጣት ጀመሩ። ግማሹ «መብራት!» እያለ ይጮሃል። አጫዋቹ አሁን ቁልቁል አየ። ሁለቱ ሰባተኛው ረድፍ ላይ አልተነቃነቁም፤ የእኅቱ ትከሻ ብቻ ይንቀጠቀጣል። በኋለኛው በር በሚገባው ብርሃን ጥላቸው ይታየዋል።

ጣቱን ማብሪያው ላይ እንዳደረገ ቆየ። ቢጮሁም አላበራም።