ስምንት ዙር

ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቃት እስከ ቀትር ነው። የገበታ ጨዋታ ነዳፊዋ በምግብ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋችውን ካርታ ግን ገና አንድም ሰው አልሞከረውም። ወንዝ፣ ተንሳፋፊ ድልድይ፣ ከሰማይ ድሮን፤ አጥቂው በስምንት ዙር መኪኖቹን ካላሻገረ ተሸነፈ። ሞካሪ ቢጠፋ አባቷን ለመነች። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የጦር ሠራዊት ድልድይ ዘርጊ ነበሩ።

ልመናው ቀላል አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ወንዝ ላይ ሰዓት አሳለፉ ተብለው ከሃምሳ አለቃነት ወደ አሥር አለቃ ወርደዋል። ዘመድ አዝማድ «ፈሪ ለእናቱ» እያለ ሲያማቸው ኖረ። እሷም በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተናድዳ «ፈሪ!» ብላቸዋለች፣ ፊት ለፊት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሁለቱም አላነሱትም።

ጨዋታው ሲጀመር አባት ድልድዩን ትተው ሁለት ቃኚ በጎማ ጀልባ ወደ ማዶ ላኩ።

«አባባ፣ ዙር እያባከኑ ነው እኮ።»

«ይባክን።»

ሁለተኛውም ዙር፣ ሦስተኛውም እንዲሁ አለፈ። እውነትም ፈሪ ይሆኑ እንዴ? አለች በልቧ፤ ማሰቧን ራሱ ጠላችው። ስምንተኛው ዙር ሲያልቅ ድልድዩ ገና ማዶ መድረሱ ነበር።

«ተሸነፉ» አለች ቀስ ብላ።

«እንደዚያን ቀን» አሉ።

ይህን መስማት አልቻለችም። «እስቲ እኔ ልጫወት» ብላ ጠጠሮቹን መለሰችና ድልድዩን በአራት ዙር ዘርግታ መኪኖቿን ነዳች። አባት እርሳስ አነሱ።

«ቆይ። መግቢያውን ሥለሻል፤ መውጫውን ረስተሻል።» የማዶውን ዳር አጠቆሩት። «ጭቃ ነው፤ እስከ ጉልበት። ያን ቀን ቃኚ ልኬ አየሁት። አዛዡ ቸኩሏል፣ አሁኑኑ አሻግር አለኝ። ግንድ ሳላነጥፍበት አንድ መኪና አላሳልፍም አልኩት።»

የመጀመሪያው መኪናዋ ጭቃው ውስጥ ተያዘ። ሁለተኛው ከኋላው ቆመ፤ የቀሩት ድልድዩ ላይ ተደረደሩ። የቆመን ነገር ድሮን ያገኘዋል፤ ደንቡን የጻፈችው ራሷ ናት። ጠጠሮቿን አንድ በአንድ ከካርታው ማንሳት ጀመረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመው የሞቱትን ነበር።

«ስንት ሰው ነበራችሁ?»

ይህን በሠላሳ ዓመት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

«አርባ አንድ።»

«ስንቱ ተመለሰ?»

እርሳሱን አስቀመጡ። «አርባ አንድ።»

እፍረት ፊቷን አቃጠላት። «አባባ፣ ያኔ ያልኩዎት…»

«አውቃለሁ። ይልቅ ሰዓትሽ ሄደ፤ ጭቃውን ደንቡ ላይ ጻፊው።»

ጻፈችው። ከዚያ ላጲስ አንስታ «ስምንት ዙር» የሚለውን ልታጠፋ ስትል እጇን ያዟት።

«እሱን ተዪው። አዛዥ መቸኮሉ መቼም አይቀርም።»

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ጠጠሮቹን እንደገና ደረደረችና መጀመሪያ ሁለት ቃኚ ወደ ማዶ ላከች።