ወደ ላይ የሚወጣ ፋይል

በሦስተኛው ፎቅ ጥግ ያለውን ቢሮ ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀው በቁጥሩ ሳይሆን ውስጡ በምትሠራው ሴትዮ ቅጽል ስም ነበር። ፋይሉ «እትዬ ይታያል ጋ ነው» ከተባለ አለቀ፤ መቼ እንደሚወርድ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ስሙም በከንቱ አልወጣላትም። የቸኮለም፣ የተቆጣም፣ የለመነም ሲጠይቃት መልሷ አንድ ነበር፦ «ይታያል።»

መሥሪያ ቤቱ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያንና ሕመምተኞች በሳምንት ሦስት ቀን ቤታቸው ሄዶ የሚያግዝ ሰው ይመድባል። የሚያበስል፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ሲጨርስም ቁጭ ብሎ የሚያጫውት። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ስድስት ባለሙያዎች ማመልከቻውን ያያሉ፣ ቤቱን ይጎበኛሉ፣ «ይፈቀድ» ወይም «አይፈቀድ» ብለው ይጽፋሉ። ወደ እሷ መውጣት የነበረበት ከበድ ያለው ውሳኔ ብቻ ነው። ታዲያ ከባዱ የቱ፣ ቀላሉ የቱ እንደሆነ ማንም ጽፎ ስላላስቀመጠ ባለሙያዎቹ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብለው ሁሉንም ወደ ላይ ይልኩት ነበር። ነገ ጥፋት ቢገኝ ጣት የሚቀሰረው ላይ ነዋ!

እሷ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራት። ወረቀት ብቻ አይታ አትፈርምም። ፋይሉን የያዘው ባለሙያ ራሱ ወጥቶ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ጉዳዩን ከሀ እስከ ፐ በአፉ ሊነግራት ይገባል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ትላለች። ሰውም እንዴት ያለች ጠንቃቃ ናት ይላል፤ እሷም እንደዚያው ታምን ነበር። ነገር ግን ጨዋታው በፋይሉ አያበቃም። አንዷ ስለ አከራይዋ ታማርራለች፣ ሌላው ስለ እናቱ ጉልበት ያነሳል። «ራዲዮ» የሚሉት ባለሙያማ ያመልካቹን ድምፅና አካሄድ ሳይቀር እያስመሰለ ሲተርክ፣ በመሀል ስለ ሦስት ሴት ልጆቹ ተንኮል ሲያስገባ፣ አንድ ፋይል እስከ ምሳ ይሄዳል። እትዬ ይታያል እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ባሏን ከቀበረች አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ልጇ ሌላ ከተማ ይሠራል፤ በወር አንዴ ከደወለ ደግ ነው። ዓርብ ከሰዓት ሲደርስ ሆዷ ይባባል፤ ከዚያ እስከ ሰኞ ጠዋት ከዳቦ ሻጩ በቀር የምታናግረው ሰው አልነበራትም።

አዲሱ ዳይሬክተር ልጅ እግር ነው፣ ግን ሰው አክባሪ። አንድ ቀን ራሱ ወደ ቢሮዋ መጣ።

«እትዬ፣ ሰው አራት ወር እየጠበቀ ነው» አላት። «የትኛው ውሳኔ እርስዎ ጋ መምጣት እንዳለበት፣ የትኛው ታች ማለቅ እንዳለበት መስፈርት ይጻፉልኝ። ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«ይታያል» አለችው።

ተቀምጣ ጻፈች። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ አመልካች ጉዳይ ወደ ላይ ይውጣ። ሕመም ያለበት ይውጣ። ሕመም ባይኖርበትም ሊታመም የሚችል ከሆነ ይውጣ። ዘመድ የሌለው ይውጣ፤ ዘመድ ያለውም ዘመዱ ለምን እንደማይረዳው ስለሚያጠያይቅ ይውጣ። አሥራ አንድ ነጥብ ሲሞላ ብዕሯን አስቀመጠች። ደክሟት ነበር፣ ደስም ብሏት ነበር።

ረቂቁን ያየው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነው። ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረ ስለሆነ «አንቺ» የሚላት እሱ ብቻ ነበር። ባለፈው ወር የገቡትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፋይሎች በመስፈርቷ ለክቶ በማግሥቱ ተመለሰ።

«ሁለት መቶ ሰባቱ ይወጣሉ» አላት። «እኔ የምልሽ፣ ወንፊት ሥሪ ተብለሽ ባልዲ ሠራሽ እኮ።»

«አምስቱስ ምን ሆነው ቀሩ?»

«እነሱን ረስተሻቸው ነው።»

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «እስቲ የድሮ ፋይሎች አምጣልኝ» አለችው፤ «እኔ አይቼው ምን እንደተለወጠ ልየው።»

አርባ ፋይል አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ቆለለላት። ሠላሳውን አንድ በአንድ አገላበጠች። ባለሙያው «ይፈቀድ» ብሎ የጻፈውን እሷም ከሁለት ሦስት ወር በኋላ «ይፈቀድ» ብላለች። ውሳኔ የለወጠችው ሁለት ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ታች ያለ አግባብ የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ። የቀረው ሁሉ ውሃ መውቀጥ ነው።

ሠላሳ አንደኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አመልካቹ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። የጎበኛቸው ራዲዮ ነው፤ ስሙን ባታይም በአጻጻፉ ታውቀዋለች። «ቤታቸው ሁለት ወንበር አለ፣ ሁለቱንም ራሳቸው ሠርተዋቸዋል። አንደኛው ላይ ሰው ከተቀመጠበት ዓመት እንዳለፈው ነግረውኛል። ተቀመጥልኝ ብለው ለመኑኝ። ማስረጃው የተሟላ ነው። ይፈቀድ።»

ቀጥሎ ያለው ወረቀት ሰባ ሦስት ቀን ዘግይቶ የተጻፈ ነው። «አመልካቹ በሕይወት ስለሌሉ ፋይሉ ተዘግቷል።» ሥሩ ያለው ፊርማ የራሷ ነው። ለመዝጊያ ወረቀት ተራኪ ስለማያስፈልገው ከሌሎች ጋር በአንድ ላይ፣ ሳታነብ ፈርማበታለች።

ለምን እንደዘገየ ጠፍቷት አይደለም። ራዲዮ ለሁለት ወር ሥልጠና ሄዶ ነበር። ሌላ ባለሙያ «እትዬ፣ የሱን ፋይል እኔ ላስረዳዎት» ሲላት «ይቆይ፣ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ» አለች። ሲመለስም የሚነገር ብዙ ተከምሮ ስለነበር የአናጢው ወረፋ አልደረሰም። ጥንቃቄ አልነበረም። ራዲዮ ጨዋታ ስለሚያውቅ ነበር። እሷ ፊት ለፊቷ የሚቀመጥ ሰው ፈልጋ የአናጢው ወንበር ባዶውን ቀረ። ይህን ለራሷ በግልጽ ነገረችው።

ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው ፈለገች። «የቅርብ ተጠሪ» በሚለው መስመር ላይ «የለም» ተብሎ ተጽፏል። ፋይሉን ዘግታ አዲስ ወረቀት ሳበች።

በማግሥቱ ስብሰባ ላይ ያቀረበችው ወረቀት ግማሽ ገጽ አይሞላም ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው የተከለከለ ማመልከቻ፣ ሊቋረጥ የታሰበ እርዳታና ሁለት ባለሙያዎች ያልተስማሙበት ጉዳይ ብቻ ነው። የሚወጣውም በወረቀት ነው፤ ተራኪ አያስፈልግም። ላይ ደርሶ አምስት ቀን ያለ መልስ የቆየ ፋይል ለአመልካቹ እርዳታው እንደተፈቀደለት ተቆጥሮ ይወርዳል።

«የተፈቀደውን ለምን አይገመግሙትም?» አለ ዳይሬክተሩ።

«በስህተት የተፈቀደ ቢኖር ሰው አይሞትም። በስህተት የተከለከለ ግን ድምፁ አይሰማም።»

«አምስት ቀኑስ ከየት መጣ?»

ሆድ ይፍጀው ብላ ልትተወው ትችል ነበር። አልተወችውም። «አንድ አናጢ ሰባ ሦስት ቀን ጠብቀውኝ ሞቱ። ፋይላቸው ምንም አልጎደለውም። ወሬ አምሮኝ ነው ያስቀመጥኩት» አለች። ራዲዮ ጠረጴዛውን ያይ ነበር።

መስፈርቱ ጸደቀ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ያንኑ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል በአዲሱ ለካና «ዘጠኝ» አላት፤ እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ተወው። ታች ያለው ወረፋ በሦስት ሳምንት ግማሽ ሆነ። የላይኛው ኮሪደር ግን ጭር አለ። ጠዋት ደረጃው ላይ ኮቴ ትሰማለች፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይቀራል። በሁለት ሦስት ቀን አንድ ፋይል በተላላኪ ይመጣላታል፣ አንብባ ትወስናለች፤ ሰዓቷን ስታይ ገና አራት ሰዓት አልሞላም። መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

አንድ ሐሙስ በሩ ተንኳኳ። ራዲዮ ነው፣ እጁ ባዶ።

«ፋይል ይዘሃል?» አለችው።

«አልያዝኩም። እንዲያው ብቻዎን ሆኑ ብዬ...» አለና የወንበሩን መደገፊያ ያዝ አደረገ። «ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው እትዬ።»

ተቀመጥ ብትለው እስከ ምሳ እንደሚቆይ ታውቃለች። ልቧ ፈለገ፤ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ታች ስንት ሰው ይጠብቃል?»

«አራት ይሆናሉ።»

«እና እዚህ ምን ትሠራለህ? ውረድ እንጂ!»

«እሺ እትዬ» አለ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ኮሪደሩን በእርጋታ ሲያልፍ፣ ደረጃው ጋ ሲደርስ ደግሞ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወርድ ሰማችው። ቅር ብሎት እንደሄደ ሰው አልነበረም አወራረዱ። ያን ሁሉ ዓመት ሲያስቃት ልቡ ታች ከሚጠብቁት ሰዎች ጋ እንደነበረ ገባት። ቢሆንም ኮቴው እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠችው።