ጓንቱን ያልጣለው ታራስ

በካናዳ፣ ሳስካችዋን ግዛት ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ታራስን የማያውቀው የለም፤ የሚያውቁት ግን በጡጫው ነው። በከተማው የበረዶ ሆኪ ቡድን ውስጥ አንድም ጎል አግብቶ አያውቅም። አሰልጣኝ ክሌይ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው በረዶው ላይ ይወጣል፣ ለጠብ ጓንቱን ይጥላል፣ የአንዱን ልጅ አፍንጫ ያደማል። ሕዝቡም ቆሞ ያጨበጭባል። ጉድ እኮ ነው! የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሌላ በምንም ተጨብጭቦለት አያውቅም።

ያን ሁሉ ቁጣ ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መልሱ ከተጫዋቾቹ አግዳሚ ጀርባ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፈንዲሻ ይበላል። አባቱ ዋልተር ነው። ይሄ ሰውዬ ልጁን በቀበቶ ከመግረፉ በፊት ትከሻውን መታ መታ አድርጎ እስኪዞር ይጠብቅ ነበር።

ያን ቀን ጨዋታው ሁለት ለሁለት ሆኖ ሳለ የክሌይ እጅ የታራስ ትከሻ ላይ አረፈ።

"የነሱን ዘጠኝ ቁጥር ጡጫ አቅምሰው። ቡድኑ ውስጥ የምትቆየው ለዚህ ነው።"

ታራስ ያውቃል። ከቡድኑ ከተባረረ ማታ ማታ ቤት ከዋልተር ጋር ማምሸቱ ነው። ወጣና ዘጠኝ ቁጥሩን ከሜዳው አጥር ጋር አጣበቀው።

"ጓንትህን ጣል፣ አንተ ቦቅቧቃ።"

ልጁ አልጣለም። ዓይኑን ጨፍኖ ግራ ጆሮውን በክንዱ ሸፈነ። ታራስ ክው አለ። ይሄን ሜዳ ላይ ማንም አያስተምርም፤ እሱ ራሱም የተማረው ቤቱ ሲገረፍ ነው።

"ማነው የሚመታህ?" አለው ቀስ ብሎ።

"አንተ ምን አገባህ?"

ታራስ ለቀቀው። ጓንቱን እንዳደረገ ወደ አግዳሚው ተመለሰ፤ ሕዝቡ ጮኸበት።

"ተመለስና ተማታ!" አለ ክሌይ።

"አልማታም።"

"እንግዲያው ማልያዬን አውልቅ።"

አወለቀና የክሌይ ጉልበት ላይ ጣለለት። ወዲያው ከኋላ ሌላ እጅ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"አዋረድከኝ። ቤት እንገናኛለን" አለ ዋልተር።

ታራስ ዞረ። ዘጠኝ ቁጥሩም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ለምን ቤት? ቀበቶህን እዚሁ ፍታ። ስትገርፈኝ ኖረህ የለ፣ ዛሬ እነሱም ይዩህ።"

ያ ሁሉ ሲጮህ የነበረ ሕዝብ ወደ ዋልተር ዞረ። ዋልተር ግራ ቀኙን አየና እጁን ኪሱ ከተተ። ታራስ ግን ፊቱን አላዞረም።

"ቤት አልመጣም" አለው።